የመብራት መቋረጥና የይፋት ቆላ ገበሬ ኪሳራ

በይፋት ቆላ ከሸዋ ሮቢት አንስቶ እስከ አጣዬና ማጀቴ ድረስ ያለው ምድር ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማንጎ የሚበቅልበት፣ እንደ ሮቢና ጀውኃ ያሉ ወንዞች የሚያቋርጡት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ አገር ገበሬ የሰማይን ዝናብ ብቻ ሲጠብቅ መኖሩን ትቶ፣ ወንዝ እየጠለፈና ውኃ በሞተር እየሳበ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ማምረት ከጀመረ ቆይቷል። እህሉን በወፍጮ ያስፈጫል፤ የመጠጥ ውኃውን ከጉድጓድ በፓምፕ ያወጣል፤ ልጁን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሥራ በየዕለቱ ይበልጥ በኤሌክትሪክ ላይ እየተደገፈ በመምጣቱ፣ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ከፊታቸው ተደቅኗል። ይኸውም፣ መሥመሩ ቢገባም መብራቱን አምኖ ገንዘብ ማውጣትና ማሳ ማስፋት ይቻላል ወይ? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ በአንድ ቃል መልስ መስጠት ያስቸግራል። መብራት ለምን እንደሚጠፋ፣ ሲጠፋም ኪሳራው በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚከብድ፣ ከኪሳራውም የቱን ያህል በማኅበሩ እጅ ሊቀነስ እንደሚችል ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከማመንጨት ወደ ማከፋፈል የዞረው ችግር

ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ላየ ሰው ዋናው ችግር የኃይል ማነስ ነበር። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስት ግድብ የውኃው መጠን በመቀነሱ ምክንያት 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተገልጾ፣ በአገሪቱ መብራት በፈረቃ እንዲታደል ተደርጎ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሚታደለው ኃይል ከሚፈለገው በታች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ማመንጨት ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ግን ከግድቡ የወጣው ኃይል ሁሉ በቀጥታ ወደ ማጀቴ ወፍጮ ቤት ይደርሳል ማለት አይደለም። ኃይሉ በከፍተኛ መሥመር ተጉዞ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፤ ከዚያም በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መሥመር ወደ ከተማውና ወደ ገጠሩ ይዘረጋል፤ በመጨረሻም በምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ወርዶ ወደ ቤት ይገባል። ገበሬው የሚያየው ጨለማ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ጉዞ ላይ ነው።

ሥራውም ቢሆን የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በየጊዜው መልኩ እየተለወጠ መጥቶ፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጨቱንና ከፍተኛውን መሥመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲይዝ፣ ማከፋፈሉንና ሽያጩን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይዟል። የማኅበር መሪ አቤቱታውን ወዴት ማቅረብ እንዳለበት ለማወቅ ይህን ልዩነት መገንዘብ ይጠቅመዋል። በቀበሌው ምሰሶ ሲወድቅ ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል ጉዳዩ የአገልግሎቱ ነው።

መሥመር መግባቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ቁጥርም ያሳያል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዋናው መሥመር ጋር ከተገናኙት ቤተሰቦች ከመቶ 57.6 የሚሆኑት በሳምንት ከ4 እስከ 14 ጊዜ መብራት የሚቋረጥባቸው መሆኑ ተመልክቷል። ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለሁሉም ቤት ኤሌክትሪክ ለማድረስ ያለመ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ግን ገና መብራት ያላየ ብዙ ቤት ነበር። መብራት ያየውም ቤት ቢሆን ዛሬ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የገባው መብራት እንዲቆይለት ነው።

መሥመሩ እንደ መስኖ ቦይ ነው

የገጠር የኤሌክትሪክ መሥመር አሠራር ለመስኖ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አንድ ዋና ቦይ ከወንዝ ተጠልፎ ሲወጣ በየመንገዱ ቅርንጫፍ እያበጀ እስከ ጭራው ማሳ ይደርሳል። ቦዩ ከራስጌው ቢደረመስ ከሥር ያለው ገበሬ ሁሉ ውኃ ያጣል። በግርጌ ያለው ገበሬ ደግሞ ደህና ቀንም ቢሆን የሚደርሰው የተረፈው ነው። የገጠሩም ማከፋፈያ መሥመር እንዲሁ ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። ከመካከል አንድ ዛፍ ቢወድቅበት ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሁሉ ይጨልማል። መሥመሩ የረዘመበት ሰው ደግሞ መብራቱ ባይጠፋም እንኳ ቮልቱ ቀንሶ ይደርሰዋል።

በትልልቅ ከተሞች አንድ ሰፈር ከሁለት አቅጣጫ ኃይል እንዲያገኝ የሚደረግበት ሁኔታ አለ። አንዱ ሲበላሽ በሌላው ይተካል። ይህ አሠራር ብዙ ሽቦና ብዙ መሣሪያ ስለሚጠይቅ፣ ጥቂት ደንበኛ ወዳለበት ገጠር ቶሎ አይደርስም። በገጠሩ መሥመር ሊደረግ የሚቻለው ቅርብ መፍትሔ ቦዩ ላይ መዝጊያ እንደማበጀት ያለ ነው። በቅርንጫፉ ሁሉ መዝጊያ ያለው ቦይ አንዱ ቅርንጫፍ ሲደረመስ ያንን ብቻ ዘግቶ ለሌላው ውኃ መልቀቅ ይቻላል። በመሥመሩም ላይ በየቅርንጫፉ መለያ ማብሪያ ማጥፊያና ፊውዝ በትክክል ከተገጠመ፣ በአንድ ቀበሌ የደረሰ ብልሽት ወረዳውን በሙሉ አያጨልምም። የጥገና ሠራተኛውም ብልሽቱን ፍለጋ ምሰሶ ለምሰሶ ሲዞር አይውልም። ስለዚህ የማኅበር መሪ «ትራንስፎርመር ይጨመርልን» ብሎ ከመጠየቁ ጋር «ቅርንጫፋችን ለብቻው የሚዘጋበት መለያ ተገጥሞለታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የበሰለ ይሆናል።

መብራቱን የሚያጠፉት ነገሮች

በቆላው አገር መሥመር የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙዎች ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹን መለየት ይቻላል። አንደኛው ምስጥ ነው። የእንጨት ምሰሶ ከላይ ደህና መስሎ እየታየ ከሥሩ ተበልቶ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ሲመጣም ይወድቃል። የኮንክሪት ምሰሶ እየተተካ የመጣውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ ነው። ማሳ ሲመነጠርና ቃርሚያ ሲቃጠል የምሰሶው ሥር አብሮ ይነዳል። ምሰሶውን የወጠረው ገመድ ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ይቆረጣል። ብረቱና ሽቦው የሚሰረቅበትም ጊዜ አለ፤ ለዚህ ጉዳት ዋጋውን የሚከፍለው ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ ጨለማ ውስጥ የሚቀረው ሕዝብ ነው።

ሦስተኛው ዛፍ ነው። በመሥመር ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍና ማንጎ ሲያድግ ሽቦውን ይነካል። ዝናብ በሌለበት ቀን ችግሩ አይታይም፤ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ግን ቅርንጫፉ ሽቦውን በነካ ቁጥር መሥመሩ ይቋረጣል። አራተኛው መብረቅ ነው። አምስተኛው ደግሞ ከአቅም በላይ ጭነት ነው። ለምሳሌ አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ ዐሥር ቤት በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢጥድ 35 ኪሎ ዋት ያህል ሆነ ማለት ነው። በዚሁ ላይ ባለ 15 ኪሎ ዋት የወፍጮ ሞተር ሲጨመር ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር አቅሙን ጨርሷል። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኃይል ይስባል። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚጠፋው ሰው እንደሚለው ዕድል ሆኖ ሳይሆን ሒሳቡ አልሞላ ብሎ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ጦርነትና የጸጥታ መጓደል አለ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት በዘለቀ ጊዜ በአማራና በአፋር ክልሎች በኤሌክትሪክ መሥመሮችና መሣሪያዎች ላይ ብዙ ጉዳት መድረሱ የቅርብ ትዝታ ነው። መንገድ በማይታመንበት ጊዜ የጥገና ሠራተኛና መለዋወጫ በሰዓቱ አይደርሱም። በአንድ ሰዓት ሊጠገን የሚችለው ፊውዝ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የመቋረጡ ምክንያት ትንሽ ሆኖ ሳለ ኪሳራው ትልቅ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

ኪሳራው በሰዓት ብቻ አይለካም

መብራት ጠፍቶ ሲቆይ «ይህን ያህል ሰዓት ጠፋ» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን አንዱ ሰዓት ከሌላው ሰዓት እኩል አይደለም። ሥራዎችን ሊቆይ የሚችልና የማይቆይ ብሎ መለየት ይገባል።

ወፍጮን እንውሰድ። ለስሌቱ እንዲመች በሰዓት 3 ኩንታል የሚፈጭ ወፍጮ በሳምንት 10 ሰዓት ቢቆም 30 ኩንታል ሳይፈጭ ይቀራል። ለአንድ ኩንታል 100 ብር ይከፈላል ብንል በሳምንት 3,000 ብር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ በሙሉ ጠፋ ማለት አይደለም። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ሌሊትም ቢሆን ከሠራ አብዛኛው እህል ይፈጫል። በእርግጥ የሚጠፋው ወደ ሌላ ወፍጮ የሄደው እህልና ሥራ ሳይኖር የሚከፈለው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ የማይገባ ሌላ ኪሳራም አለ። ጆንያ ተሸክማ መጥታ፣ ውላ፣ ሳታስፈጭ የተመለሰችው ሴት የአንድ ቀን ጉልበቷ ጠፍቷል። በማግስቱም ያንኑ መንገድ ትደግመዋለች። ወፍጮው በሳምንቱ መጨረሻ ገቢውን ሲያካክስ የእርሷን ቀን የሚያካክስላት የለም።

በናፍጣ ጀነሬተር መሥራት ይቻላል የሚል ይኖራል። አንድ ሊትር ናፍጣ በደህና ጀነሬተር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር ለአንድ ሰዓት 5 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። በሰዓት 3 ኩንታል ከተፈጨ ለአንድ ኩንታል አንድ ሊትር ከግማሽ በላይ ናፍጣ ወጣ ማለት ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የአካባቢውን የናፍጣ ዋጋ በዚህ ላይ አባዝቶ ከማስፈጫው ክፍያ ጋር ቢያመዛዝን፣ ጀነሬተሩ የሚያዋጣው ለየትኛው ቀን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል።

የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ግን እንደ ወፍጮው አይጠብቅም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በቆላ ሙቀት ለረጅም ሰዓት መብራት ቢጠፋና ሌላ መጠባበቂያ ባይኖር መድኃኒቱ ይበላሻል። ነገ መብራት መምጣቱም አያድነውም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሽንኩርቱና ፓምፑ

በይፋት ቆላ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የመስኖው ጉዳይ ነው። ሽንኩርት ሥሩ ወደ ጥልቅ የማይወርድ ተክል ስለሆነ ብዙ ውኃ አንድ ጊዜ ጠጥቶ ረጅም ጊዜ ሊቆይ አይችልም። ቲማቲምም ውኃ አንድ ጊዜ በዝቶ ሌላ ጊዜ ሲያጣ አበባውን ያረግፋል፤ ፍሬውም ከታች ይጠቁራል። ስለዚህ የውኃው ተራ መዛነፍ የለበትም።

አንድ ማኅበር በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው እንበል። አንድ ሄክታር ማሳ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ለማልበስ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ይህም ለፓምፑ 14 ሰዓት ያህል ሥራ ነው። ፓምፑ በቀን 14 ሰዓት ቢሠራ በሰባት ቀን ሰባት ሄክታር ያዳርሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ ያማረ ነው። ነገር ግን በዚህ ዕቅድ ውስጥ አንድም ትርፍ ሰዓት የለም። መብራት በሳምንቱ ውስጥ በጠቅላላ 14 የሥራ ሰዓት ቢጠፋ አንድ ሄክታር ተራው ያልፈዋል። ሦስት ቀን በተከታታይ ቢጠፋ ሦስት ሄክታር ይጠማል። ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ይህ ቢደርስ የወራት ድካም፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የተበደረው ገንዘብ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ይህንን የሚያውቅ ጠንቃቃ ማኅበር ሁለት ቀን መጠባበቂያ ትቶ አምስት ሄክታር ብቻ ያለማል። አደረገውም ልክ ነው። ኪሳራው ግን ከዚህ ላይ ተደብቋል። መብራቱ በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን ባይጠፋ እንኳ፣ ይጠፋል ተብሎ በመፍራት ሁለት ሄክታር ሳይለማ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት የተቋረጠውን ሰዓት ሲቆጥር ይህንን አይቆጥረውም። በወረዳው የምርት ሪፖርት ውስጥም አይታይም። የማይታመን መብራት ጠፍቶ ከሚያደርሰው ጉዳት በላይ፣ ሳይጠፋም ገበሬው እጁን እንዲሰበስብ በማድረጉ የሚያደርሰው ጉዳት ይከፋል። መሪዎች ስለ መቋረጥ ኪሳራ ሲናገሩ ከተበላሸው ሽንኩርት ጋር ሳይዘራ የቀረውንም ማሳ መቁጠር አለባቸው።

ለዚህ የሚሆን አንድ መላ አለ። ኤሌክትሪክን ማከማቸት ውድ ነው፤ ውኃን ማከማቸት ግን ገበሬው የሚያውቀው ሥራ ነው። 20 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ተኩል ወርድና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህም የአንድ ሄክታር የአንድ ጊዜ ውኃ ነው። ኩሬው ከማሳው ከፍ ብሎ ከተቆፈረ ሌሊት መብራት ሲኖር ፓምፑ ይሞላዋል፤ ቀን መብራት ሲጠፋ ውኃው ያለ ሞተር ራሱ ይወርዳል። በቆላው ሙቀት ከላይ የሚተነው፣ ከታችም የሚሰርገው ውኃ ብዙ ስለሆነ ወለሉ በወፍራም ፕላስቲክ መሸፈን አለበት። ለከተማውም የመጠጥ ውኃ ያው ነው፤ ሰፊ ማጠራቀሚያ ያለው ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃ አይጠፋበትም።

ሞተሩን የሚያቃጥለው

ጨለማው ሲያልፍ ሌላ ኪሳራ ይከተላል። የወፍጮና የፓምፕ ሞተር በሦስት ፌዝ የሚሠራ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይጠፋል። አምፖሉ በርቶ ይታያል፤ ሞተሩ ግን በሁለቱ ፌዝ እየጎተተ ይግልና ጥቅል ሽቦው ይቃጠላል። ቮልት ሲቀንስም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከመጠን በላይ ስለሚስብ ይሞቃል። ፌዝ ሲጎድል ወይም ቮልት ሲወርድ ሞተሩን ወዲያው የሚያቆም መከላከያ መሣሪያ በገበያ አለ። ዋጋውም የተቃጠለ ሞተር እንደገና ከማስጠምጠም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አንድ ማኅበር ሞተር ሲገዛ ይህ መሣሪያ አብሮ መገጠሙን ሳያረጋግጥ ርክክብ መፈረም አይገባውም።

መብራት ሲመለስም ሁሉም ሞተር፣ ሁሉም ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ትራንስፎርመሩ ጭነቱን መቻል አቅቶት እንደገና ይጠፋል። መብራት እንደጠፋ ማጥፊያውን መዝጋት፣ ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ በተራ ማስነሳት ያስፈልጋል። በመስኖ ቦይ ላይ ተራ የሚያስከብር የውኃ አባት እንዳለ ሁሉ፣ በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ወፍጮዎችና ፓምፖችም የመብራት ተራ ቢያወጡ ከገንዘብ ወጪ ውጭ የሚገኝ ጥቅም ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የይፋት ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር በጉጃራት ክፍለ ሀገር የገበሬው ፓምፕና የመንደሩ ቤት በአንድ መሥመር ይጠቀሙ ነበር። ፓምፖቹ ሲበዙ መንደሩ ይጨልማል፤ ቮልቱም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በተካሄደ ሥራ የፓምፑ መሥመር ከመንደሩ መሥመር ተለየ። መንደሩ ሙሉ ቀን መብራት ሲያገኝ፣ ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ያህል አስቀድሞ በታወቀ ሰዓት፣ በሙሉ ቮልት እንዲያገኝ ተደረገ። ሰዓቱ ቢያንስም የታወቀ በመሆኑ ገበሬው ሥራውን ማቀድ ቻለ። ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አልተጠቀመም። የራሱ ጉድጓድ ሳይኖረው ከባለ ፓምፕ ውኃ እየገዛ ያለማ የነበረው ድሃ ገበሬ የፓምፑ ሰዓት ሲወሰን ውኃ አጣ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የታወቀ ጥቂት ሰዓት ካልታወቀ ብዙ ሰዓት ይሻላል። ተራ ሲወጣም በግርጌ ያለውን ገበሬ መርሳት አይገባም።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ከዐሥር እርሻ ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ኩባንያዎች ረጅም መሥመር ለጥቂት ደንበኛ መዘርጋት አያዋጣም ብለው ስለነበር፣ ገበሬዎቹ ከመንግሥት በተገኘ ብድር የራሳቸውን የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ። መሥመሩን ራሳቸው ዘርግተው ራሳቸው ጠበቁት። የኢትዮጵያ ሕግና ሁኔታ ከዚያ የተለየ ቢሆንም፣ በመሥመሩ ጫፍ ያለ ገበሬ ከሁሉ ቀድሞ የመሥመሩ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

የማን ግዴታ ነው?

በዚህ ረገድ ነገሩን ከሁለት በኩል ማየት ተገቢ ነው። አከፋፋዩ መሥሪያ ቤት ለገጠሩ መሥመር የሚያወጣው ብዙ ሆኖ፣ ከጥቂት ደንበኞች የሚሰበስበው ትንሽ ነው። ትራንስፎርመርና መለዋወጫም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ይህ እውነት ነው። በሌላ በኩል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ተጨማሪ የሚከፍል ደንበኛ ተጨማሪ አስተማማኝነት መጠየቁ ተገቢ ነው። የመቆጣጠሩም ሥልጣን በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። ስለዚህ ምሰሶ መቀየር፣ የቅርንጫፍ መለያ መግጠም፣ ከታቀደ ጥገና በፊት ሕዝቡ እንዲያውቅ ማድረግ የአከፋፋዩ ሥራ እንጂ የገበሬው መዋጮ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። በተለይ አስቀድሞ መናገር ብዙ ወጪ የለበትም። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጠፋል የተባለ ገበሬ ዛሬ ማታ ያጠጣል፤ ያልተነገረው ግን ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ይውላል።

ማኅበሩ በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለውን ሳያደርግ አቤቱታ ቢያሰማ ድምፁ ይደክማል። ከማኅበሩ ከሚጠበቁት ዋናው መዝገብ መያዝ ነው። አንድ ደብተር ተከፍቶ መብራት የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ የቆመው ሥራ፣ የተበላሸው ንብረት ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ስንት ጊዜ ጠፋ፣ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ጠፋ? በወር 12 ጊዜ፣ በድምሩ 36 ሰዓት ከሆነ በአማካይ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ቆይቷል ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች አስተማማኝነታቸውን የሚለኩት በእነዚሁ ሁለት መለኪያዎች ነው። ብዙ ጊዜ እየጠፋ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዛፍና ወደ ጭነት ነው። አልፎ አልፎ ጠፍቶ ቀናት የሚቆይ ከሆነ ችግሩ ከጥገናና ከመለዋወጫ ላይ ነው። «ሁልጊዜ ይጠፋብናል» ብሎ ለሚመጣ ሰው መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ የስድስት ወር መዝገብ ይዞ ለቀረበ ማኅበር ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ከዚህም ሌላ በመሥመር ሥር አዲስ ዛፍ እንዳይተከል፣ ቃርሚያ ሲቃጠል የምሰሶው ዙሪያ አስቀድሞ እንዲጸዳ፣ የምሰሶ ገመድ እንዳይቆረጥና ሽቦ እንዳይሰረቅ ማኅበሩ ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ያዘመመ ምሰሶ ሲታይ ሳይወድቅ በ905 የስልክ መሥመር ወይም በአቅራቢያው ባለው የአገልግሎት ማዕከል ማስታወቅ ይገባል። ነገር ግን ሽቦ የነካ ዛፍ ለመቁረጥ፣ ፊውዝ ለመቀየር ወይም የወደቀ ሽቦ ለማንሳት ማንም ገበሬ መሞከር የለበትም። ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የወደቀ ሽቦ ባለበት ሰውና ከብት እንዳይቀርብ ማስጠበቅ ብቻ የማኅበሩ ግዴታ ነው።

አዲስ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ለመግዛት የሚመክር ማኅበርም ከመወሰኑ በፊት አራት ነገሮችን አስቀድሞ ይጠይቅ። የአካባቢው ትራንስፎርመር የሚችለው ጭነት ስንት ነው? መዝገቡ የሚያሳየው የመቋረጥ ልክ ምን ያህል ነው? ሥራው ሊቆይ ይችላል ወይስ አይችልም? የማይቆይ ከሆነስ መጠባበቂያው ኩሬ ነው፣ ናፍጣ ነው ወይስ ፀሐይ? ለእነዚህ መልስ ካለ መብራቱ እንከን ቢኖረውም እንኳ ሥራው ሊጀመር ይችላል። መልስ ከሌለ ግን ደህና መብራት ባለበትም አገር ኪሳራ አይቀርም።

ማጀቴ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። የይፋት ሰው የፈረሰውን መልሶ መሥራት አያቅተውም። የመብራቱ ጉዳይ የሚጠይቀው ግን ሳይፈርስ መጠበቅን፣ ሲበላሽ ቶሎ ማስጠገንን፣ ጠፍቶ የቆየውንም ሰዓት መቁጠርን ነው። የመስኖው ወራት ሳይገባ የማኅበሩ ደብተር ይከፈት፤ የምሰሶው ሥር ይታይ፤ የኩሬው ቦታ ይለካ። ሁለቱ ያልታረሱ ሄክታሮች ማረሻ የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።